የስንሻው የማስገር ፈቃድ እጅ ለእጅ ሲዞር

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። እኛ ጣና ዳር የምንኖር ሰዎች ከላም በረት ይልቅ የዓሣ መረብ ይቀርበናል። ስለዚህ እኔ «ተረት ተረት» እላለሁ፣ እናንተ «የዓሣ መረብ» ትላላችሁ። ባትሉም ግድ የለኝም፣ አንዴ አፌን ከፍቻለሁ።

ደንገል በር በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ስንሻው የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነበረ። ስንሻው የፈለገው አንዲት ነገር ብቻ ነው። ወርቅ አልፈለገም፣ ሹመት አልፈለገም፤ የማስገር ፈቃዱን ፈለገ። ፈቃዱ መዳፍ የምታህል፣ ፎቶው ያለባት፣ በላስቲክ የተሸፈነች ካርድ ናት። ፎቶው ላይ ሊያስነጥሰው ሲል የተነሳ ይመስላል። ቢሆንም ያቺ ካርድ ከሌለች ለስንሻው ሐይቁ ውኃ ብቻ ነው።

ታዲያ ካርዷ የት ሄደች ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ክረምት ጉማሬ መረቡን ቀደደበት። ስንሻው ወደ መረብ ሻጯ ወደ እትዬ ታንጉት ሄደና «አዲስ መረብ አበድሪኝ፣ በዓሣ ቋንጣ እከፍልሻለሁ» አላት። እትዬ ታንጉት ሰው ታምናለች፤ መያዣ ግን የበለጠ ታምናለች። «ምን ታስይዘኛለህ?» አለችው። በሬ የለውም። ታንኳው ከደንገል የተሠራች ናት፣ ከርማ ትበሰብሳለች። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ፈቃዱን አውጥቶ ሰጣት። የሐይቁ ጠባቂዎች ሁሉ ፊቱን ስለሚያውቁት ካርድ የሚጠይቀው አልነበረም። ለዕድሳት ግን ፊት አይበቃም።

ዕድሳቱ በቅበላ ሳምንት ነው። የፈቃዱ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ቀን የፈቃድ ቢሮው እስኪዘጋ አሮጌ ካርዱን አቅርቦ ማኅተም ያላስመታ ሰው ቦታውን ያጣል፤ ቦታው ተራ ለሚጠብቀው ይሰጣል። በዚያ ዓመት ቀጣዩ ተረኛ ይታያል የሚባል ባለአህያ ነበር። ይታያል ሰላምተኛ፣ ደግ ሰው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ፈቃዱን እንዲያጣ ማለዳ ማለዳ ቢሮው ደጅ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ክፋት አይደለም፤ ተራ ነው።

የመጨረሻው ቀን የቅበላ ሐሙስ ዋለ። አገሩ ጾም ሳይገባ ሥጋ ሥጋ ሲል፣ የስንሻው ሚስት ያልጋነሽ በጨው ታሽቶ የደረቀ የአምባዛ ዓሣ ቋንጣ ቅርጫት ሞልታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና አሸከመችው።

«ይኸው የመረቡ ዕዳ» አለችው። «ለታንጉት ስጥና ፈቃድህን ተቀብለህ፣ አሳድሰህ ና። ሰኞ ጾም ይገባል፣ ሰው ሁሉ ዓሣ ፈላጊ ይሆናል። ያን ጊዜ አንተ ዳር ቆመህ የሌላውን ታንኳ የምታይ ከሆነ፣ ልጆቹን ምን እንደማበላቸው አላውቅም።»

ስንሻው ፈራ። ፊቱ ግን ሳቀ፤ ሲፈራም የሚስቅ ሰው ነው። በቢሮው ደጅ ሲያልፍ ይታያልን ሰላም አለው፣ ይታያልም ሰላም አለው፣ አህያውም ጆሮዋን ነቀነቀች።

እትዬ ታንጉት ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ መረብ ትቋጥራለች። ቅርጫቱን ተቀብላ ቅጠሉን ገለጠች። «ቅምሻ ወግ ነው» አለችና አንድ ቋንጣ ቀመሰች። የመጀመሪያው ዋሽቷት እንዳይሆን ሁለተኛም ቀመሰች። «ጥሩ ነው። ዕዳህ አልቋል።»

«እንግዲያው ፈቃዴን መልሽልኝ።»

ታንጉት ሐይቁን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ስንሻውን ግን አላየችም። «ፈቃድህ እኔ ዘንድ የለም» አለች። «ለልጄ ሠርግ እህል አስፈጭቼ የምከፍለው ባጣ፣ ለባለወፍጮው ለአያ አጥናፉ አስያዝኩት።»

«የሰው ፈቃድ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? የጆሮ ወርቄን ባሳየው 'መዳብ ነው' አለኝ። ያንተን ፎቶ ባሳየው 'ስንሻው ለዚህች ካርድ እሳት ውስጥም ቢሆን ይገባል፣ ይበቃኛል' አለ።»

ስንሻው ሊናደድ አሰበ፤ ይህን ያህል ታምኖ መናደድ ግን ይከብዳል። በዚያ ላይ ታንጉት ተነስታ ነጠላዋን ማስተካከል ጀምራለች። ልትሄድ ነው። ያን ጊዜ አያቱ ይነግሩት የነበረ የድሮ ወግ ትዝ አለው። ድሮ ባለመብትና ባለዕዳ የልብሳቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው ይውሉ ነበር፤ አንዱ እንዳያመልጥ።

«በሕግ አምላክ» አለና የጋቢውን ጫፍ ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረው። «ነገሩ ሳያልቅ አይፈታም።»

ታንጉት ቋጠሮውን በባለሙያ ዓይን አየችው። «ይሄማ ይፈታል» አለች፤ አላስችላት ብሎ ራሷ ፈትታ በመረብ ቋጠሮ አጥብቃ መልሳ ቋጠረችው። ሰው ሙያውን ሲወድ እንዲህ ነው፣ የራሱንም ገመድ ያጠብቃል።

እንግዲህ ስሙ። አጥናፉ ለታንጉት ካልመለሰ፣ ታንጉት ለስንሻው አትመልስም። ፈቃድ ከሌለ ማኅተም የለ፤ ማኅተም ከሌለ መረብ የለ፤ መረብ ከሌለ የልጆች ራት የለ። ታንጉት ከስንሻው ተቋጥረው፣ ቅርጫቱ ከፊት፣ ስንሻው ከኋላ፣ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ።

አያ አጥናፉ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነው። ሞተሩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል፤ ሞተሩ ሲጠፋም መጮኹን አይተውም።

«የእህሉን ዕዳ አምጥቻለሁ» አለችው ታንጉት፣ ቅርጫቱን እያቀበለችው። «ፈቃዱን ወዲህ በል።»

«ቅምሻ» አለ አጥናፉ እየጮኸ። «አንድ ለኔ፣ አንድ ለወፍጮው።» የወፍጮውንም ድርሻ ራሱ በላው፤ ወፍጮው ዓሣ አይወድም አለ። «ግሩም ነው፣ ዕዳሽ አልቋል። ፈቃዱ ግን እዚህ የለም። ለልጄ ክርስትና ጠላ ወስጄ፣ ለጠማቂዋ ለውብነሽ አስያዝኩት።»

ታንጉት ደረቷን ያዘች። «የሰው አደራ ታስይዛለህ? አታፍርም?» አለችው። ይህን ያለችው እሷ ናት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

«በሕግ አምላክ» አለች ታንጉት፤ የነጠላዋን ሌላ ጫፍ ከአጥናፉ ጋቢ ጋር ቋጠረች፤ ዱቄቱ ቦነነ።

ውብነሽ ለአጥናፉ ካልመለሰች፣ አጥናፉ ለታንጉት አይመልስም። አጥናፉ ለታንጉት ካልመለሰ፣ ታንጉት ለስንሻው አትመልስም። ፈቃድ ከሌለ ማኅተም የለ፤ ማኅተም ከሌለ መረብ የለ፤ መረብ ከሌለ የልጆች ራት የለ። አጥናፉ ከታንጉት፣ ታንጉት ከስንሻው ተቋጥረው፣ ቅርጫቱ ከፊት፣ ስንሻው ከኋላ፣ ወደ ጠላ ቤቱ ሄዱ።

መንገዱ ጠባብ ነው። ባጃጅ መጣባቸው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚበተን የለም፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ይጎተታል።

«ሰርገኞች ናችሁ ወይስ እስረኞች?» አለ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«ውብነሽ ካልመለሰችልኝ እኔ አልመልስም» አለ አጥናፉ።

«አጥናፉ ካልመለሰልኝ እኔ አልመልስም» አለች ታንጉት።

«ታንጉት ካልመለሰችልኝ የልጆቼ ራት የለም» አለ ስንሻው።

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውንና ነጠላውን እንደ ኬላ ገመድ ከፍ አድርገው ያዙለት፣ እሱም ከሥር አለፈ። ከዚያ በኋላ ለተሳፋሪው ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ዋለ። ምሳ ሳይደርስ ደንገል በር በሙሉ የሚያወራው ስለ ስንሻው ፈቃድ ሆነ፤ ወሬው ቢሮው ደጅ ዋርካው ሥርም ደረሰ።

ውብነሽ ጠላ ቤቷ ሞልቷል። ምላሷ ፈጣን ነው፣ እጇ ደግሞ ከምላሷ ይፈጥናል። አጥናፉ ቅርጫቱን ሳያወርድ እሷ ቅጠሉን ገልጣለች።

«ቅምሻ በእፍኝ ነው፣ ያለዚያ ጠላና ዓሣ መስማማታቸው አይታወቅም» አለችና አፈሰች። ለእንግዶቿም ቁራሽ ቁራሽ አዞረች። «ይስማማሉ። አያ አጥናፉ፣ የክርስትናው ጠላ ዕዳ አልቋል።»

«እንግዲያው ፈቃዱ ይምጣ» አለ አጥናፉ፤ ከጩኸቱ የተነሣ ጠጪዎቹ ሁሉ ዞሩ።

«ፈቃዱማ የለም። እንጨት ሲያልቅብኝ ለእንጨት ሻጩ ለዳምጤ አስያዝኩት። ምን ታፈጣላችሁ? ያለ እንጨት ጠላ በእናንተ ቁጣ ልጥመቅ?»

አጥናፉ ጋቢውን ከነጠላዋ ቋጠረ። ውብነሽ አልተቃወመችም፤ ግን «ሠራተኛ ሰው ባዶ እጁን አይታሰርም» ብላ ጠላ የሞላ እንስራዋንና ጣሳዋን ይዛ ወጣች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ስንሻው አንዲት ካርድ ሲፈልግ ያወጣው ይህን ሁሉ ሰው ነው።

ዳምጤ ለውብነሽ ካልመለሰ፣ ውብነሽ ለአጥናፉ አትመልስም። ውብነሽ ለአጥናፉ ካልመለሰች፣ አጥናፉ ለታንጉት አይመልስም። አጥናፉ ለታንጉት ካልመለሰ፣ ታንጉት ለስንሻው አትመልስም። ፈቃድ ከሌለ ማኅተም የለ፤ ማኅተም ከሌለ መረብ የለ፤ መረብ ከሌለ የልጆች ራት የለ። ውብነሽ ከአጥናፉ፣ አጥናፉ ከታንጉት፣ ታንጉት ከስንሻው ተቋጥረው፣ ቅርጫቱ ከፊት፣ ስንሻው ከኋላ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጋ ነው፣ ፀሐዩ ይበረታል። ውብነሽ ጠላ ትቀዳለች፣ ጣሳው ወደ ኋላ ይዞራል። ጠላ ያለ ማወራረጃ አይሄድምና ቋንጣውም አብሮ ይዞራል። አጥናፉ አንድ ያነሳል፣ ታንጉት አንድ ታነሳለች፣ መንገደኛ ሰላም ሲል ለእሱም አንድ ይሰጠዋል። ስንሻው ከኋላ ሆኖ የሚያየው የታንጉትን ጀርባ ብቻ ነው። ቋንጣ ሲደርሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማን አመጣው?» እያለ በላ። የራሱን ዕዳ ማወራረጃ አድርጎ ሲበላ፣ እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ እነግረው ነበር፤ ግን አልነበርኩም።

ዳምጤ ከታንኳ እንጨት ያወርዳል። ዳምጤ ቃል ቆጣቢ ሰው ነው። ሲወለድም አንዴ አልቅሶ በቃኝ ያለ ይመስለኛል። አራቱን ሰዎች ከእግር እስከ ራስ አየ። ከቅርጫቱ አንድ ቀመሰ። «አልቋል» አለ፤ ዕዳውን ይሁን ቋንጣውን አልተናገረም።

«ፈቃዱስ?» አለች ውብነሽ።

«የለም።»

«ማን ዘንድ ነው?»

«አህያ።»

«አህያ ዘንድ ነው?»

«የአህያው ጌታ ዘንድ።»

በደንገል በር እንጨት የሚጭን ባለአህያ አንድ ነው። የስንሻው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ።

«ይታያል?» አለ ስንሻው።

ዳምጤ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ነገሩ ስለከበደው፣ እንደ ልማዱ ሳይሆን ረጅም ንግግር ተናገረ። «እንጨቱን በአህያው አጓጉዤ፣ ለኪራዩ ካርዱን አስያዝኩት። ፎቶውን አየና 'ይሄስ ይበቃኛል' አለኝ።»

ውብነሽ ዳምጤን ቋጠረችው። የቀለደ አልነበረም። ስንሻው ፀሐይዋን አየ፤ ወደ ማዶው ተራራ አዘንብላለች። ፈቃዱን የያዘው፣ ፈቃዱ ሲጠፋ ቦታውን የሚወስደው ሰው ነው። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ብቻ ይበቃዋል። ስንሻው በዚያች ሰዓት የልጆቹን ፊት አሰበ። ታንጉት በቋጠሮው ባትጎትተው ኖሮ እዚያው ቆሞ ይቀር ነበር።

ይታያል ለዳምጤ ካልመለሰ፣ ዳምጤ ለውብነሽ አይመልስም። ዳምጤ ለውብነሽ ካልመለሰ፣ ውብነሽ ለአጥናፉ አትመልስም። ውብነሽ ለአጥናፉ ካልመለሰች፣ አጥናፉ ለታንጉት አይመልስም። አጥናፉ ለታንጉት ካልመለሰ፣ ታንጉት ለስንሻው አትመልስም። ፈቃድ ከሌለ ማኅተም የለ፤ ማኅተም ከሌለ መረብ የለ፤ መረብ ከሌለ የልጆች ራት የለ። ዳምጤ ከውብነሽ፣ ውብነሽ ከአጥናፉ፣ አጥናፉ ከታንጉት፣ ታንጉት ከስንሻው ተቋጥረው፣ ቅርጫቱ ከፊት፣ ስንሻው ከኋላ፣ ወደ ቢሮው ሮጡ። ተቋጥሮ መሮጥ እንዴት እንደሆነ ሞክራችሁት ካላወቃችሁ አትሞክሩት። ሁለቴ ወደቁ። አጥናፉ ሲወድቅ ዱቄቱ ሁሉንም አለበሳቸው።

በቢሮው መስኮት የማኅተሙ ሰው አቶ እንየው ቀለሙን እየከደነ ነበር። «ስንሻው፣ አንተ ብቻ ቀርተሃል እኮ» አለው። «ካርድህስ?»

«እየመጣ ነው» አለ ስንሻው እያለከለከ።

ይታያል ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ወሬውን ከሰማ ቆይቷል፤ ወደ እሱ እንደሚመጡም ያውቃል። አህያውን ነድቶ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ዳምጤ «በሕግ አምላክ» ብሎ የጋቢውን ጫፍ ሲቋጥርበት እጁን እንኳ አላነሳም። ካርዷን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳያቸው።

«ይኸው» አለ። «አልደበቅኩትም። የጠየቀኝ አልነበረም እንጂ።»

«ጠዋት ሰላም ብለኸኝ አልነበር?» አለው ስንሻው።

«ብዬሃለሁ።»

«ካርዴ ኪስህ ውስጥ ሆኖ?»

«ኪሴ ውስጥ ሆኖ።» ይታያል አንገቱን ደፋ። «አልዋሽህም ስንሻው። ፎቶህን ሳየው ልቤ ዘለለች። ዝም ብዬ ብውል ተራው የኔ ነው አልኩ። ሰላም ስትለኝ ግን አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ እንዳፈርኩ ነው የዋልኩት። ቢሆንም ተነስቼ አልሰጠሁህም፤ ይህም እውነት ነው።»

«አሁን ስጠው» አለች ውብነሽ። «የአህያህ ኪራይ ይኸው፣ ቅርጫት ሙሉ የአምባዛ ቋንጣ ነው።»

ዳምጤ ቅርጫቱን አስቀመጠ። ይታያል ቅጠሉን ገለጠ። ከቅጠሉ ሥር ሌላ ቅጠል አለ። ከሌላው ቅጠል ሥር ጥቂት ጨውና አንድ ክንፍ አለ። ከዚያ በታች የቅርጫቱ ቂጥ ነው።

ታንጉት አጥናፉን አየች፣ አጥናፉ ውብነሽን አየ፣ ውብነሽ ዳምጤን አየች። ዳምጤ አፉን ጠረገ።

«ቅምሻ እኮ ወግ ነው» አለች ታንጉት በቀስታ።

ስንሻው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ታንጉትም ስለተቋጠረች አብራው ቁጭ አለች። «ያልጋነሽ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?» አለ። ሳቁ አልመጣም።

ሁሉም ተሯሯጡ። ታንጉት «ገመድ ልስጥህ» አለችው ይታያልን። አጥናፉ «እህልህን በነጻ እፈጭልሃለሁ» ብሎ ጮኸ። ውብነሽ «የጠላ ችግር አይኖርብህም» አለች። ዳምጤ «እንጨት» አለ።

«ገመድ ለምኔ? ታንኳ የለኝ» አለ ይታያል። «እንጨትም ጠላም ቤቴ አለ። እኔ የምፈልገው ሐይቁን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አህያ ስነዳ ዓይኔ እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ታንኳውን ይዞ ሲወጣ እኔ ዳር ቆሜ እቀራለሁ።»

ስንሻው ቀና ብሎ አየው። ዳር ቆሞ መቅረት ምን እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ሲያስበው ውሏል። ቁጣው ለቀቀው። ከዚያም ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር ተናገረ።

«አብሮኝ ያሰግር የነበረው ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። መረቡን ስጥል ታንኳዋን የሚይዝልኝ የለም። በእግሬ እየቀዘፍኩ በእጄ እጥላለሁ፤ ነፋስ ሲመጣ መረቡ ይጠመጠምብኛል። ያን ጊዜ ጉማሬው የቀደደብኝም ፈጥኜ መሰብሰብ ስላቃተኝ ነው።» ተነሳ፤ ታንጉትም ተነሳች። «ይታያል፣ ከኔ ጋር ና። የሚያዘውን እኩል እንካፈላለን።»

«እኩል?»

«እኩል። መረቡ የኔ፣ ድካሙ የሁለታችን።»

አቶ እንየው ከመስኮቱ ጮኸ። «በአንድ ፈቃድ ረዳት ማስመዝገብ ይቻላል። ግን ተጫርታችሁ አታምሹብኝ፣ ቀለሜ እየደረቀ ነው።»

ይታያል ካርዷን አየ። ፎቶው ላይ ያለውን ሊያስነጥሰው ያለ ሰውዬ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሺ» አለ።

ስንሻውም የጋቢውን ነጻ ጫፍ ከይታያል ጋቢ ነጻ ጫፍ ጋር ቋጠረው፣ በቶሎ በቶሎ፣ ሐሳቡን እንዳይቀይር። አሁን ሰንሰለቱ ክብ ሆነ። ይታያልና ስንሻው ጎን ለጎን ስለቆሙ ካርዷን በቀጥታ ማቀበል ይቻል ነበር። ነገር ግን ያስያዘ ሁሉ በእጄ ካልመለስኩ አለ፤ በደንገል በር ከወግ ወዲያ ማዶ የለም።

ይታያል ለዳምጤ መለሰ። ዳምጤ ለውብነሽ መለሰ። ውብነሽ ለአጥናፉ መለሰች። አጥናፉ ለታንጉት መለሰ። ታንጉት ለስንሻው መለሰች። ሁሉም ሲያቀብሉ በልብሳቸው ስለጠረጓት ካርዷ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ የጠላ አተላና ዱቄት ነካክቷት ደረሰች። ስንሻው ለአቶ እንየው ሰጠ። አቶ እንየው እፍ ብሎ አቧራዋን አራገፈ። ፈቃድ ተገኘ፤ ማኅተም ተመታ፤ የይታያል ስም ከስንሻው ስም ሥር ተጻፈ። መስኮቱ ተዘጋ።

ከዚያ ታንጉት ቋጠሮዎቹን በየተራ ፈታች። ዳምጤን ከይታያል ፈታች፣ ውብነሽን ከዳምጤ ፈታች፣ አጥናፉን ከውብነሽ ፈታች፣ ራሷን ከአጥናፉ ፈታች፣ ስንሻውን ከራሷ ፈታች። የመጨረሻው፣ ስንሻው በጥድፊያ የቋጠረው፣ አልፈታ አላት። «ይህ ቋጠሮ አይደለም፣ ጥል ነው» አለች። «የቋጠረው ይፍታው።» ጥፍሯ እንዳይሰበር ሰግታ ወደ ሱቋ ሄደች።

ስንሻውና ይታያል እንደተቋጠሩ፣ አህያዋን አስከትለው፣ ባዶ ቅርጫት ይዘው ሰፈር ደረሱ። ያልጋነሽ በር ላይ ቆማለች።

«ጠዋት ቅርጫት ሙሉ ዓሣ አሸክሜ ሰደድኩህ» አለችው። «ባዶ ቅርጫት፣ አንድ ሰውና አንድ አህያ ይዘህ መጣህ?»

«ፈቃዱንም» አለ ስንሻው።

ካርዷን ተቀበለችው። ማኅተሙን አየች፤ እርጥብ መሆኑን በጣቷ ነካ አድርጋ አየች። ትንፋሿን ለቀቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ከዚያም በታች የተጻፈውን ስም አነበበች፤ ቀና ብላ ይታያልን አየችው።

«ቋንጣዬን ቀመስክ?» አለችው።

«ደንገል በር ውስጥ ያልቀመስኩ እኔ ብቻ ነኝ።»

«በል ግባ፣ ትንሽ አስቀርቻለሁ።»

በሩ ጠባብ ስለሆነ በጎን ገቡ። ልጆቹ ራት ላይ ናቸው። ያልጋነሽ የእጅ ውኃ አመጣች፤ ተቋጥሮ መታጠብ አይመችምና ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘች፣ አንዴ ሳበች፣ ተፈታ።

«ያሳሰራችሁ ነገር አለቀ?» አለች ውኃውን እያፈሰሰች።

«አይ እትዬ፣ ሰኞ ይጀመራል» አለ ይታያል።

እኔም በዚሁ ጨረስኩ። ተረቴን መልሱልኝ፤ ለሌላ ሰው ግን በመያዣ እንዳትሰጡብኝ፣ ፍለጋ መውጣት አልችልም።